ማቅ በዕብራይስጥ፦ የእህል ከረጢት ጨርቅ እንዴት የሐዘንና የንስሐ ልብስ ሆነ?

ጥያቄ፦ «ለጾመ ነነዌ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች የዮናስን ታሪክ በትያትር ያቀርባሉ፤ አልባሳቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አንድ መምህር ‹ማቅ በዕብራይስጥ ሳቅ ነው፤ ስለዚህ ማቅ የለበሰ ሰው መጨረሻው ሳቅ ነው› ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ደግሞስ ማቅ ጆንያ ከሆነ፣ የቡና ጆንያ አንገትና ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቼለት ባለብሳቸው ልክ ይሆናል? የነነዌ ንጉሥስ እንዴት ይልበስ?»

ምላሽ፦

የመምህሩ አባባል ግማሹ ልክ ነው። ማቅ በዕብራይስጥ «ሳቅ» ይባላል። ከአማርኛው ሳቅ ጋር ግን ድምፁ ከመገጣጠሙ በቀር ዝምድና የለውም። ቃሉ የሚጻፈው በሁለት ፊደል፣ በሲንና በቆፍ ነው፤ ለብዙ ሲሆን «ሳቂም» ይላል፣ ቂ ጠብቃ ትነበባለች። እውነተኛ ወንድሙ የግእዙ ሠቅ ነው፣ በንጉሡ ሠ። የዕብራይስጡ ሲንና የግእዙ ሠ ከአንድ ጥንታዊ ድምፅ የወረዱ ናቸው። በግእዙ ዳዊት «ለበስኩ ሠቀ» የሚለውን ያነበበ ሰው ዕብራይስጥ ሳይማር ቃሉን ያውቀዋል ማለት ነው።

አማርኛው ሳቅ የመጣው ከሌላ ግስ ነው፣ ከግእዙ ሠሐቀ። መሐረ ማረ፣ ሰሐበም ሳበ እንደሆነ ሁሉ፣ ሠሐቀም ሐውን ጥሎ ሳቀ ሆነ። ዕብራይስጥ ግን ያንኑ ሐ እስከ ዛሬ ይዞታል፤ መሳቅ «ጻሐቅ» ወይም «ሣሐቅ» ነው፣ የይስሐቅም ስም የተገኘው ከዚሁ ነው። ዕብራይስጥ ተናጋሪ ሁለቱን ቃላት አያምታታቸውም። ሐዘን ወደ ደስታ እንደሚለወጥ ለማስተማር ደግሞ መዝሙር 29 (በዕብራይስጡ ቁጥር 30) በግልጽ የሚለው ስለሆነ የቃል ጨዋታ አያስፈልገውም።

እስራኤል አገር ያሉ ወገኖቻችን ቃሉን በየቀኑ ይሰሙታል። ዛሬ ቆፍ እንደ ከ ስለምትነበብ «ሳክ» ነው የሚሉት፣ ትርጉሙም ከረጢት ነው፤ ፌስታሉ «ሳኪት»፣ የመኝታ ከረጢቱ «ሳክ ሼና» ይባላል። ግሪኮችም ከሴማውያን ነጋዴዎች ወስደው «ሳኮስ» አሉት፣ ከእነርሱ ወደ ላቲን አልፎ ዛሬ እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም ከረጢትን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ቃሉ ይህን ያህል የተጓዘው እህልና ሸቀጥ የሚጫንበት ዕቃ ስም ስለነበረ ነው። የልብሱ ነገር የሚገባንም ከዚህ ተነሥተን ነው።

የዕብራይስጡ ሳቅ መጀመሪያ የጨርቅ ዓይነት ስም ነው። ጨርቁ በዋናነት ከፍየል ፀጉር የሚሠራ ሲሆን፣ የዚያ አገር ፍየል አብዛኛው ጥቁር ስለሆነ ጨርቁም ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው። ዮሐንስ በራእይ 6፥12 ፀሐይ «እንደ ማቅ ጠጉር» ጠቆረች ሲል፣ ኢሳይያስም በ50፥3 ሰማይ ማቅ ለበሰ ሲል ያዩት ይህን ቀለም ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ የፈረስና የላም ጭራ ፀጉርንም ከዚህ ወገን ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሥዕሎች ላይ የምናየው ገለባ መልክ ያለው ቢጫማ ማቅ ትክክል አይደለም። ቀለሙን ያመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ የተስፋፋው የጁት ጆንያ ነው።

አሠራሩን የምድረ በዳ ዘላኖች ጥቁር ድንኳናቸውን ሲሠሩ ጠብቀው አቆይተውታል። ፀጉሩ ተሸልቶ በእንዝርት ይፈተላል፤ ድሩ በመሬት ላይ በአራት ካስማ ተወጥሮ ይዘረጋል፣ ማጉም በእጅ ገብቶ ጠበቅ ተደርጎ ይመታል። የሚወጣው ጨርቅ ጠባብና ረጅም ነው፤ ሰፊ ሲፈለግ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ዘፀአት 26፥7-8 ለማደሪያው ድንኳን ከፍየል ፀጉር 11 መጋረጃዎች፣ እያንዳንዳቸው 30 ክንድ በ4 ክንድ ሆነው እንዲሠሩ ሲያዝ ይህንኑ ጠባብና ረጅም ቅርጽ እናያለን። ፀጉሩ ዝናብ ሲነካው አብጦ የሽመናውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተከፍቶ አየር ያስገባል። በአህያ ጀርባ ላይ የሚታሸ የእህል ከረጢት የሚፈልገው ይኸው ነው፣ አለመቀደድና አለመታፈን።

ቆዳ የሚቆረቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፍየል የውጭ ፀጉር ከበግ ፀጉር ይወፍራል። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ያለፈ ክር ጫፉ ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፣ ይወጋል፤ የፍየል ፀጉር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በእኛ አገር ማቅ የምንለው በአብዛኛው ከበግ ፀጉር የሚሠራ ስለሆነ ይሞቃል፣ ብርድም ይከላከላል። የመጽሐፍ ቅዱሱ ሳቅ ከዚያ የከረረ ነው። ተርጓሚዎቻችን ማቅ ማለታቸው ግን ተገቢ ነው፤ ጥቁር፣ ሻካራ፣ የድሃ ጨርቅ የሚለውን ሁሉ ይሸከማል።

ሳቅ ከልብስ መደብ የት ላይ እንደቆመ ለማወቅ ሚሽና፣ የጥንት አይሁድ ሊቃውንት የሕግ መድበል፣ በኬሊም 27፥2 ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። ለሰው መቀመጫ የሚሆን ቁራጭ ርኩሰት ለመቀበል ስንት ይበቃዋል ሲል እንዲህ ይደነግጋል፦ ልብስ ሦስት ጋት በሦስት ጋት፣ ሳቅ አራት በአራት፣ ቆዳ አምስት በአምስት፣ ሰሌን ስድስት በስድስት። ጥሩ ጨርቅ ትንሽ ቁራጩም ስለሚጠቅም ቶሎ እንደ ዕቃ ይቆጠራል፣ ሻካራው ግን ከፍ ያለ መጠን ይጠይቃል። ሳቅ ቦታው ከልብስ በታች፣ ከቆዳ በላይ ነው።

የዕለት ተዕለት አገልግሎቱ ከረጢትነት ነው። የዮሴፍ ወንድሞች ከግብፅ እህል ጭነው ሲመለሱ ብራቸውን ያገኙት በሳቅ ውስጥ ነው (ዘፍ. 42፥25፣ 27፣ 35)። እዚያው ታሪክ ውስጥ «አምታሐት» የሚል ሌላ የከረጢት ስምም ይገባል። የገባዖን ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ኢያሱን ያታለሉት በአህዮቻቸው ላይ ያረጀ ሳቅ ጭነው ነበር (ኢያ. 9፥4)። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ ሲለበስ ማቅ፣ እህል ሲይዝ ግን ሌላ ስም ስለሚሰጠው፣ «ማቅ» የሚለውን ብቻ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ከታሪኩ ግማሹን ያጣዋል። ያዕቆብ በዮሴፍ ልቅሶ ወገቡን የታጠቀበት ጨርቅና (ዘፍ. 37፥34) ልጆቹ በኋላ እህል የጫኑበት ዕቃ በዕብራይስጡ ስማቸው አንድ ነው።

አለባበሱን ለማወቅ ደግሞ ግሱን መከተል ይበጃል። ከሳቅ ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚመጣው ግስ «ሐጋር» ነው፣ ታጠቀ ማለት። ቦታውም ወገብ ነው። ሲወልቅ ደግሞ «ፈታ» ይባላል፤ ኢሳይያስ በ20፥2 ከወገቡ እንዲፈታ የታዘዘው ሳቅ ነው። መዝሙር 29ን በዕብራይስጡ ብናነብ «ማቄን ፈታህ፣ ደስታንም አስታጠቅኸኝ» ይላል። ግሪኩና ግእዙ «ቀደድህ» አሉት። የዕብራይስጡ ሥዕል ግን ግልጽ ነው፦ አንዱ መታጠቂያ ከወገብ ይፈታል፣ ሌላው በቦታው ይታሰራል። ማቅ እንግዲህ በአብዛኛው ወገብ ላይ የሚጠመጠም ቁራጭ ጨርቅ ነበር፣ ብዙ ጊዜም በባዶ ሥጋ ላይ። በቢብሎስ የተገኘውና ዛሬ በቤይሩት ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የንጉሥ አኪራም የድንጋይ ሬሣ ሣጥን ላይ የተቀረጹት አልቃሾች ሴቶች ደረታቸው ተራቁቶ ጨርቁ ከወገብ በታች ነው፤ የአካባቢውን የልቅሶ አለባበስ ያሳያል። አንገትና ክንድ የወጣለት ጆንያ የሚያስብል ነገር በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ማቅ ራስን ለማሠቃየት የሚለበስ ነው የሚለውም ግምት መታረም አለበት። እሾህ እንደ መልበስ አድርጎ ማሰብ የመጣው በኋለኛው ዘመን በአውሮፓ መነኮሳት ዘንድ ከተለመደው የፀጉር ሸሚዝ ነው፤ እነርሱም ልብሱን «ኪሊኪዩም» ያሉት በፍየል ፀጉር ጨርቅ ከታወቀችው ከኪልቅያ፣ ከሐዋርያው ጳውሎስ አገር፣ ስም ወስደው ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ዋናው ነገር ክብርን አውልቆ መጣል ነው። ሰው የማዕረግ ልብሱን ያወልቅና ለአህያ ጭነት የሚውለውን ጨርቅ ይታጠቃል፤ በልብስ የሚታወቀው ደረጃው በዚያው ይቀራል። የሶርያው ንጉሥ የወልደ አዴር ሹማምንት ምሕረት ሊለምኑ ሲወጡ ማቅ በወገባቸው ታጥቀው፣ ገመድ በራሳቸው አድርገው ነበር (1 ነገ. 20፥31)፤ «ተማርከናል፣ እንደ ወደዳችሁ አድርጉን» ማለታቸው ነው። መርዶክዮስ ማቅ ለብሶ በንጉሡ በር እንዳይገባ የተከለከለውም ስለዚህ ነው (አስ. 4፥2)። የሐዘን ምልክት ቤተ መንግሥት አይገባም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የ2 ነገሥት 6፥30 ታሪክ ነው። ሰማርያ ተከብባ ሕዝቡ በረሃብ አልቋል። ንጉሡ በቅጥሩ ላይ ሲያልፍ አንዲት እናት ከሌላ ሴት ጋር ሆና የራሷን ልጅ እንደ በሉ ትነግረዋለች። ልብሱን ይቀድዳል፤ በቀደደው በኩል ሕዝቡ ሲያይ፣ ከውስጥ በሥጋው ላይ ማቅ ለብሶ ነበር። ለማንም አላሳየም፤ እስኪቀድደው ድረስ የውጩ ልብስ የንጉሥ ልብስ ነው። ማቅ ለታይታ ብቻ ነበር የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያንብብ።

የኤልያስና የመጥምቁ ዮሐንስ ልብስ ከዚህ ጋር አይደባለቅ። እነዚያ በዕብራይስጥ «ሤዓር» ከሚባለው ፀጉር የተሠሩ የነቢይ መለያ ልብሶች ናቸው፣ ዘወትር ይለበሳሉ። ማቅ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ልቅሶው ወይም ጾሙ ሲያልቅ ይፈታል። ኢዮብ «በቁርበቴ ላይ ማቅ ሰፋሁ» ማለቱ (16፥15) የሚያስደነግጠው የተሰፋ ነገር ስለማይፈታ ነው። ማቅ ሳይለበስም ያገለግላል፦ የንጉሥ ሳኦል ቁባት ሪጽፋ የተሰቀሉ ልጆቿን ሬሳ ከአሞራና ከአውሬ ስትጠብቅ፣ ከአጨዳ መጀመሪያ እስከ ዝናቡ ድረስ የሰነበተችው ማቅ በዓለት ላይ ዘርግታ ነው (2 ሳሙ. 21፥10)።

ወደ ነነዌ እንምጣ። በዮናስ 3 ሕዝቡ ማቅ «ለበሱ» ይላል፤ ንጉሡ ደግሞ ከዙፋኑ ተነሣ፣ መጎናጸፊያውን አወለቀ፣ ማቅ «ተሸፈነ»፣ በአመድ ላይ ተቀመጠ። እንስሳትም ማቅ እንዲሸፈኑ አዋጅ ወጣ። ይህ እንግዳ የሚመስለው ሰው በመጽሐፈ ዮዲት 4ም እስራኤላውያን ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ማቅ ሲያለብሱ፣ መሠዊያውንም ሲያለብሱ ያገኛል። ለትያትራችሁ ንባብ ደግሞ ከሚሽና ታዕኒት 2፥1 የተሻለ ነገር የለም። ዝናብ ጠፍቶ ጾም ሲታወጅ ሽማግሌው ለሕዝቡ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሞቻችን፣ ስለ ነነዌ ሰዎች ‹እግዚአብሔር ማቃቸውንና ጾማቸውን አየ› አልተባለም፤ ‹ከክፉ መንገዳቸው እንደ ተመለሱ ሥራቸውን አየ› እንጂ።» ቤተ እስራኤልም በስግድ በዓል ከሚያነቧቸው አንዱ ነህምያ 9 ነው፤ ሕዝቡ ጾመው፣ ማቅ ለብሰው፣ ትቢያ በራሳቸው ነስንሰው ኃጢአታቸውን የተናዘዙበት ምዕራፍ።

እንግዲህ አልባሳቱ። የቡና ጆንያውን ይተዉት። በቀለምም በቅርጽም ስህተት መሆኑ ከላይ ታይቷል፤ ከዚያ የሚከፋው ግን የልጆቹ ደኅንነት ነው። ያገለገለ ጆንያ ምን እንደያዘ አይታወቅም። ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት የተቀባ ዘር ይዞ ከነበረ በአንድ እጥበት አይለቅም። ብናኙ አስም ላለበት ልጅ አደጋ ነው። ጧፍ በሚበራበት ቦታ ደግሞ የቃጫና የጁት ክር ቶሎ ይቀጣጠላል። በፕላስቲክ የተሠራው የማዳበሪያ ከረጢት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

የእኔ ምክር ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ዝተት ነው። ሱፍ እሳት ሲነካው በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ብዙ ጊዜም ራሱ ይጠፋል። ሱፍ መስለው የሚሸጡ ብዙ ብርድ ልብሶች ግን ሰው ሠራሽ ስለሆኑ መሞከር አለባቸው። አንድ ክር መዝዘው ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት፣ በክብሪት ያቃጥሉት። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ አመዱ በጣት የሚፈርስ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሆነ አይጠቀሙበት። እንደ ወረቀት ከነደደ ጥጥ ወይም ቃጫ ነው።

ልኩ ቀላል ነው። የልጁን ወገብ ዙሪያ ለክተው ግማሹን ይጨምሩበት፤ 60 ሴንቲ ሜትር ወገብ 90 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል፣ ያ ትርፍ ከሌለ ልጁ ሲንበረከክ ይከፈታል። ቁመቱ ከወገብ እስከ ጉልበት በታች አንድ ጋት ይሁን፣ ለአሥር ዓመት ልጅ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ሲሰግዱ ይረግጡታል። 150 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ብርድ ልብስ ለአራት ልጆች ይበቃና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ትራፊ ይተርፋል፤ እሱን በግና ፍየል ሆነው ለሚጫወቱት በጀርባቸው ላይ ጣል ያድርጉላቸው። ጠርዙን በእጅ ስፌት ይያዙት፣ ካልሆነ ይተረተራል። መታጠቂያው 1 ሜትር ተኩል ገመድ፣ በጎን በኩል በሚፈታ ቋጠሮ። መርፌ ቁልፍ አይጠቀሙ፤ ልጆቹ ሲሰግዱ ይከፈትና ይወጋል። የወልደ አዴርን ሰዎች አይተው ገመድ ወደ ራስና አንገት ማድረግ የሚያምርዎ ከሆነ ይቅር፣ የልጅ አንገት ላይ ገመድ አይውጣ። ሱፉ ቆዳ እንዳይነካ ከሥር ቁምጣና ከነቴራ፣ ለልጃገረዶች ጥለት የሌለው ቀሚስ ይልበሱና ማቁን ከላይ ይታጠቁ። በባዶ ሥጋ መልበሱ ለትያትር አያስፈልግም።

ንጉሡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማቁን ለብሶ እንዲገባ በማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ተነሣ፣ አወለቀ፣ ተሸፈነ፣ ተቀመጠ ነው፤ ትርጉሙ ያለውም ማውለቁ ላይ ነው። ካባው ከፊት ክፍት ሆኖ በአንድ ቁልፍ ብቻ ይያዝ፣ ልጁ ያለ ረዳት እንዲያወልቀው። እሱ አይታጠቅም፣ ይሸፈናል፤ ስለዚህ 100 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በትከሻው ላይ ይጣልለት። ካባው ዙፋኑ ላይ ተጥሎ ይቅር፣ አገልጋይ አንሥቶ እንዳይወስደው።

አመዱ ቢያንስ ከአራት ቀን በፊት ከምድጃ የወጣና የተነፋ ይሁን፤ ከላይ የቀዘቀዘ አመድ ከሥር ለቀናት ፍም ሊይዝ ይችላል። በእርጥብ እጅም አይነካ፤ የእንጨት አመድ ውኃ ሲያገኝ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። በሰፊ ትሪ ላይ አነጥፈው ማቅ ጣል ያድርጉበት፣ ንጉሡም በዚያ ላይ ይቀመጥ። በራስ ላይ የሚነሰነሰውን በባዶ እጅ ያስመስሉት። ጧፍ የያዙት መዘምራን ደግሞ ማቅ ከለበሱት ልጆች ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቀው ይቁሙ፣ አንድ ትልቅ ሰውም የውኃ ባልዲ ይዞ ከመጋረጃው አጠገብ ይጠብቅ።